ለቀዝቃዛው ሰዓት የሚገዛ ጎማ

በፈረንጆቹ ሜይ ማብቂያ፣ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ያለችው ትንሿ ደሴት አይል ኦፍ ማን በሞተር ሳይክል ትጥለቀለቃለች። ከሰሜናዊቷ የራምዚ ከተማ ተነሥቶ የስኔፌልን ተራራ እየታከከ ወደ ዋና ከተማዋ ዳግላስ የሚወርደው መንገድ ሞተረኞች ከሩቅ አገር የሚመጡለት ነው፤ ከከተማ ውጭ አጠቃላይ የፍጥነት ገደብ የሌለበት የሕዝብ መንገድ በአውሮፓ እንደ ልብ አይገኝም። ጠዋት ራምዚ ላይ ፀሐይ ወጥታ አስፋልቱ ደርቋል። ከተማዋን ለቀቅ እንዳሉ ግን መንገዱ ዛፍ ወደ ጋረደው ጠባብ እጥፋት ይገባል፤ እዚያ የሌሊቱ ርጥበት ገና አልለቀቀም። ከዛፎቹ በላይ አገሩ ይገለጣል፣ ነፋሱ ይበረታል፣ አስፋልቱ እንደገና ይደርቃል። ከፍ ሲሉ ደግሞ ከባሕር የመጣ ጉም መንገዱን ያለብሰዋል። በንጋሎ በተባለው ቦታ ወደ ተራራው ጫፍ የሚወጣው ባቡር ሐዲድ አስፋልቱን ያቋርጣል፤ ብረቱ በጉሙ ረጥቧል። ወደ ዳግላስ ቁልቁል ሲወረድ ፀሐይዋ ትመለሳለች። በአንድ አጭር ጉዞ ያው ጎማ ደረቁንም ርጥቡንም፣ ሞቃቱንም ቀዝቃዛውንም ረግጧል፤ መሐል ላይ ቆሞ ጎማ የሚቀይር የለም።

ይኸው መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ ዝነኛው የቲቲ ውድድር የሚካሄድበት ዙር አካል ነው። ዙሩ 60.7 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ፒተር ሂክማን አንዱን ዙር በሰዓት በአማካይ 219 ኪሎ ሜትር እየነዳ ጨርሶታል። ይህን ያየ ሰው የራሱ የስፖርት ሞተር ጎማ አልቆበት ጎማ ቤት ሲገባ ዓይኑ ወደ ውድድር ጎማው ቢያደላ አይፈረድበትም። በዚሁ አስፋልት ላይ በዚያ ጎማ ያን ያህል ከተሮጠ፣ በግማሹ ፍጥነት ለሚነዳ ሰው ትርፍ መተማመኛ አይሆንለትም? ክርክሩ ሲሰሙት ያሳምናል፤ ሰው የሚወድቀውም በእሱ ነው። ተወዳዳሪው ገና ከመነሻው መስመር በፊት ጎማዎቹን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጠቅልሎ ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አድርሷቸዋል። መንገዱ ከረጠበ፣ ወይም ጉሙ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተሩን መሬት ላይ ካስቀረው፣ ውድድሩ ይዘገያል። በትልልቆቹ ሞተሮች ውድድር ከሁለት ዙር በኋላ ነዳጅ ሊሞላ ሲቆም የኋላ እግሩ ብዙ ጊዜ በአዲስ ጎማ ይለወጥለታል፤ ሁለት ዙር 121 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ተራው አሽከርካሪ ማሞቂያ የለውም፣ ዝናብ ሲመጣ ጉዞውን የሚሰርዝለት ዳኛ የለውም፣ በየ121 ኪሎ ሜትሩም ጎማ አይቀይርም። ስለዚህ ጎማ ሲመርጥ ማሰብ ያለበት ስለሚነዳበት ስለ መጥፎው ሰዓት ነው፦ በብርድ፣ በርጥበት፣ ከቤት እንደ ወጣ ባለው የመጀመሪያ እጥፋት ጎማው ምን ያህል ይይዛል? የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ማስረጃውና ለተቃውሞዎቹ የሚሰጠው መልስ ነው።

ጎማ አስፋልትን እንዴት እንደሚይዝ እንነሣ። አስፋልት ለዓይን ለስላሳ ቢመስልም ለጎማ የጠጠር ጫፍ የተደረደረበት ሸካራ ቦታ ነው። ጎማው ሲጫነው ጠጠሮቹ ወደ ሥጋው ይሰርጋሉ፤ ጎማውም በዙሪያቸው ይጎደጉድና ጠጠሩ ሲያልፍ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። የሚመለሰው ግን ዘግየት ብሎ ነው። በዚህ መዘግየት የሚባክነው ጉልበት ሞተሩ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፤ ባክኖም ሙቀት ይሆናል። በዚያ ላይ ጎማና ጠጠር በጣም በተቀራረቡበት ቦታ ሁሉ በቀጥታ ይጣበቃሉ። ሁለቱም ሥራዎች ጎማው እንዲለሰልስ ይፈልጋሉ፤ ልስላሴውን የሚወስነው ደግሞ ሙቀት ነው። ጎማው ከተሠራለት ሙቀት በታች ከሆነ ይጠነክርና በጠጠሮቹ አናት ላይ ብቻ ይሄዳል፤ ከተሠራለት በላይ ከጋለ ይላላል፣ ይንሸራተታል። ለውድድር የተቀየጠው ጎማ በሙሉ አቅሙ የሚሠራው ከፍ ባለ ሙቀት ላይ ሲሆን የመንገድ ጎማ ግን ከብርድ ጀምሮ እንዲሠራ ታስቦ ይቀየጣል። ጎማ የሚሞቀው በፍሬን፣ በነዳጅና በእጥፋት ሲታሽ ነው፤ ያገኘውን ሙቀት ነፋስና ውኃ ይወስዱበታል። በውድድር ሜዳ ላይ መታሸቱ አያቋርጥም። በሕዝብ መንገድ ላይ ትራክተር ተከትሎ ማዝገም አለ፣ መንደር ውስጥ በ50 መሄድ አለ፣ ሻይ ለመጠጣት መቆም አለ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ጎማው ከብርድ ይነሣል። ይህ ሁሉ የሚሆነውም በትንሽ ቦታ ላይ ነው። ሞተሩ 200 ኪሎ፣ አሽከርካሪው ከነልብሱ 80 ኪሎ ቢሆኑና ክብደታቸውን ለጎማው የነፋስ ግፊት ብናካፍለው፣ የፊትና የኋላ ጎማ በአንድነት መሬት የሚነኩት በግምት 100 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ቀላልና ጠንካራ ነው፦ ጎማ አብዝቶ ቢይዝ ምን ይጎዳል? መልሱን በቁጥር ማየት ይሻላል። በእኩል ፍጥነት፣ በ30 ዲግሪ አዘንብሎ የሚታጠፍ ሞተር ከጎማዎቹ የሚጠይቀው የጎን ኃይል የክብደቱን 58 በመቶ ያህላል። በ40 ዲግሪ 84 በመቶ ይሆናል፤ በ45 ዲግሪ ከክብደቱ ጋር ይተካከላል። በሕዝብ መንገድ ላይ፣ ከእጥፋቱ ባሻገር ምን እንዳለ ሳያይ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚያዘነብል ሰው ጎማ ሊያድነው በማይችል አደጋ ላይ ራሱን አስቀምጧል፤ ከወዲያ በግ ወይም የፈሰሰ ናፍጣ ቢገጥመው የሚያርምበት ቦታ የለውም። ለረጅም መንገድ የተሠሩት የዛሬዎቹ የስፖርት ቱሪንግ ጎማዎች እንኳ በሞቀና በንጹሕ ደረቅ አስፋልት ላይ 45 ዲግሪን ያለ ችግር ይሸከማሉ። እንግዲህ የውድድር ጎማው ትርፍ ያለው በሕዝብ መንገድ ላይ ማንም ሊደርስበት በማይገባ ጫፍ ላይ ነው፤ ጉድለቱ ግን በየጠዋቱ ደጃፍ ላይ ይጠብቃል። ለተቃዋሚው አንድ እውነት መስጠት ተገቢ ነው። ከውድድር የተወለደ ጎማ የውስጥ ሸራው ጠንካራ፣ ቅርጹም ሾጠጥ ያለ በመሆኑ ሞተሩን ወደ እጥፋት ፈጥኖ ያስገባል፤ በከባድ ፍሬን ላይም የፊት ጎማው ምን እያደረገ እንደሆነ ለእጅ ይናገራል። ይህ ስሜት ከንቱ አይደለም፣ ማወቅም መጠንቀቅ ነው። ነገር ግን ይህን ስሜት ለማግኘት የውድድር ቅይጥ አያስፈልግም፤ ለመንገድ የተሠሩት የስፖርት ጎማዎች አብዛኛውን ይሰጣሉ።

ዝናብ ሲነሣ ብዙ ሰው የጎማውን ጥርስ ያያል፤ ቦዩ ብዙ ከሆነ ውኃ ያስወጣል ብሎ ይረጋጋል። ጥርሱ የነገሩ ትንሹ ክፍል ነው። የሞተር ጎማ ጠባብ፣ ክብና በነፋስ ጠንክሮ የተሞላ ስለሆነ ውኃውን እንደ መኪና ጎማ አይረግጠውም፤ ወደ ጎን ይሰነጥቀዋል። በመካከለኛ ፍጥነትና ውኃ ባልተኛበት ርጥብ መንገድ ላይ ከቦዮቹ ይልቅ ቅይጡ ይወስናል። ድሮ ጎማን የሚያጠነክረው የካርቦን ጥላሸት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ሲሊካ ሲገባ ቀዝቃዛና ርጥብ አስፋልት ላይ ለስልሶ የሚቀር ጎማ መሥራት ተቻለ። ዛሬ ለመንገድ የሚሸጡት ጥሩ ጎማዎች በርጥበት የሚያስመኩት ከምንም በላይ በዚህ ነው። ቦዮቹ የሚያስፈልጉት ውኃ በተኛበት፣ በፈጣን መንገድ ላይ ነው፤ እዚያ ልዩነቱ ይታያል። ጎማ ሠሪው ሚሽሊን ራሱ ከአንድ ቤተሰብ የወጡትን ሁለት ጎማዎቹን በዚህ ለይቷቸዋል፦ ለመንገድ በተሠራው ፓወር 5 ላይ ቦዮቹ የጎማውን ፊት 11 በመቶ ሲይዙ፣ ግማሹን ለሜዳ በታሰበው ፓወር ጂፒ ላይ 6.5 በመቶ ብቻ ናቸው። የኋለኛው ጎኑ ላይ ቦይ የለውም ማለት ይቻላል። የብሪታንያ ሕግ ከ50 ሲሲ በላይ ለሆነ ሞተር በጎማው ስፋት ሦስት አራተኛ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ጥርስ እንዲቀር ይጠይቃል፤ በጀርመን 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም ቅጣት የሚጀምርበትን መስመር ያሳያሉ፤ ጎማው ውኃ ማስወጣት የተሳነው ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው። በዝናብ የሚነዳ ሰው 2 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ አዲሱን ቢያዝ ገንዘቡን አላባከነም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፋብሪካው ይመጣል። ዱካቲ ፓኒጋሌ ቪ4 ከፋብሪካ የወጣው ፒሬሊ ዲያብሎ ሱፐርኮርሳ ኤስፒ ተገጥሞለት ነው፤ ይህ ጎማ ከውድድር የመጣ፣ ጎኖቹ ጥርስ አልባ፣ ግን ለመንገድ የተፈቀደ ነው። መሐንዲሶቹ ያንን ከመረጡ ገዢው ከእነሱ የተሻለ ያውቃል? ከመሐንዲሶቹ የሚወረሰውንና የማይወረሰውን መለየት ያስፈልጋል። የሚወረሰው በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ነው። 120/70 ዜድ አር 17 የሚል የፊት ጎማ ስፋቱ 120 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ፣ አሠራሩ ራዲያል፣ ቸርኬው 17 ኢንች ነው። ከዚያ የሚከተለው 58 ቁጥር ጎማው 236 ኪሎ እንደሚሸከም ይናገራል፤ በኋላ ጎማ ላይ 73 ከተጻፈ 365 ኪሎ ነው። ደብሊው የሚለው ፊደል በሰዓት እስከ 270 ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል፤ በቅንፍ ከተከበበ ከዚያም በላይ። በሱቁ ርካሽ የተባለ ጎማ ከእነዚህ በአንዱ እንኳ ከፋብሪካው ልክ ካነሰ ዋጋው ምንም ይሁን መተው ነው፤ ሸክምና ፍጥነት በአንድነት ሸራውን ያግሉታል፣ የጋለ ሸራ ይላቀቃል። የማይወረሰው የጎማው ስምና ቅይጥ ነው። ፋብሪካ የስፖርት ሞተሩን የሚያስፈትነው በሜዳ፣ በደረቅ ቀን፣ በሠለጠነ አሽከርካሪ ነው፤ ጎማውን የመረጠው ለዚያ ቀን ነው። ገዢው ሞተሩን በኅዳር ጠዋት ወደ ሥራ ሊሄድበት እንደሚችል ሻጩም ሠሪውም ያውቃሉ፣ ለዚያ ጠዋት ግን አልመረጡለትም።

ልኩን መጠበቅ ይገባል ሲባል ወዲያው የሚነሣው የስፋት ጉዳይ ነው። ሰፊ የኋላ ጎማ ያምራል፤ ያማሃ አር6 ላይ 180/55 የገጠመ ሰው የጎረቤቱን ቢኤምደብሊው ኤስ 1000 አርአር 190/55 አይቶ ሊቀና ይችላል። ነገር ግን 180 ጎማ የተሠራው ለ5.5 ኢንች ቸርኬ ነው፣ 190/55 ደግሞ ለ6 ኢንች። ሰፊው በጠባቡ ላይ ሲገባ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይጨመቃሉ፣ አናቱም ይሾላል። መሬት የሚነካው ቦታ ይሰፋል ተብሎ ሲጠበቅ ቅርጹ መሐንዲሱ ያላሰበው ሆኖ ይቀራል። ቁመትም አለ። 190/50 ጎኑ 95 ሚሊ ሜትር ነው፤ 190/55 ደግሞ 104.5። ይህ የ9.5 ሚሊ ሜትር ልዩነት የሞተሩን ጅራት ከፍ ያደርጋል፣ የፊት ሹካውን ያቆመዋል፣ መሪውን ያፈጥናል። አንዳንድ አሽከርካሪ ይህን ፈልጎ ያደርገዋል፤ ቸርኬው 6 ኢንች ከሆነና የኋላውን ቁመት ማስተካከል ከቻለ ክፋት የለውም። ሳያስበው ያደረገው ግን ሞተሩ በፍጥነት ላይ መሪው ሲነቃነቅ ይደነግጣል። በዛሬ ሞተሮች ላይ ሌላ ምክንያት ተጨምሯል። የኋላ እግር ከፊተኛው ፈጥኖ ሲሽከረከር ነዳጅ የሚቀንሰው ሥርዓትና ኤ.ቢ.ኤስ. የሚሠሩት የሁለቱን እግሮች ፍጥነት እያነጻጸሩ ነው፤ የጎማው ዙሪያ ሲለወጥ ንጽጽሩ ይዛባል። አዲሱን ጎማ እንዲለምዱ የሚያስተካክል ትእዛዝ ያላቸው ሞተሮች አሉ፤ የሌላቸው ግን በፋብሪካው ልክ መቆየት አለባቸው።

አሁን ሰዎች ስለ ዕድሜ የሚያነሡትን እንይ፤ እዚህ ላይ መቆየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ለስላሳ ጎማ ቶሎ ያልቃል የሚለው ስሞታ ከገንዘብ በላይ ነው። ከደቡብ እንግሊዝ ወደ አይል ኦፍ ማን የሚሄድ ሰው ሄይሻም ወደብ ደርሶ መርከብ እስኪሳፈር መቶዎች ኪሎ ሜትር አውራ ጎዳና ላይ ቀጥ ብሎ ይነዳል። የኋላ ጎማው የሚበላው መካከሉ ብቻ ነው። ክብ የነበረው አናት ይዘረጋል፣ በተበላውና ባልተበላው መካከል እርከን ይወጣል። ተራራው ላይ የመጀመሪያው እጥፋት ሲመጣ ሞተሩ ማዘንበል እምቢ ብሎ ይቆይና እርከኑን ሲሻገር በድንገት ያዘነብላል፤ አሽከርካሪው ጎማው የተንሸራተተ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ጎማ መጥፎ ነው የሚባለው ያለቀ ጎማ ሆኖ ነው። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት መካከሉን በጠንካራ፣ ጎኖቹን በለስላሳ ቅይጥ መሥራት ነው፤ ሚሽሊን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ለመንገድ ስፖርት ጎማ አምጥቶታል፣ ዛሬ በሁሉም ታዋቂ ሠሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ዕድሜው እንደ አሽከርካሪው፣ እንደ ሞተሩ ጉልበትና እንደ አስፋልቱ ይለያያል፤ በጥቅሉ ግን ኃይለኛ ሞተር ላይ ከውድድር የመጣ የኋላ ጎማ ከ2,000 እስከ 3,000፣ የመንገድ ስፖርት ጎማ ከ4,000 እስከ 6,000፣ ስፖርት ቱሪንግ ከ8,000 ኪሎ ሜትር በላይ ቢያገለግል እንግዳ ነገር አይደለም። በ3,000 ኪሎ ሜትር የሚያልቅ ጎማ የመጨረሻውን ሺህ የሚሄደው ቅርጹን አጥቶ ነው፤ ዋጋው ስለሚከብድ ደግሞ ባለቤቱ መቀየሩን ያዘገየዋል። ለረጅም መንገድ የተሠራው ጎማ ቅርጹን ለብዙ ወራት ጠብቆ ስለሚቆይ፣ በወረቀት ላይ ከስፖርቱ ያነሰ የሚይዝ ቢሆንም፣ በዓመቱ ውስጥ በአብዛኛው ቀን ከእሱ የተሻለ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ስም መጥራት ካስፈለገ፦ በሞቃት ወራት፣ በደረቅ ቀን፣ ለደስታ ብቻ የሚነዳ ሰው እንደ ሚሽሊን ፓወር 6፣ ብሪጅስቶን ኤስ23፣ ፒሬሊ ዲያብሎ ሮሶ 4፣ ሜትዘለር ኤም9 አርአር ወይም ደንሎፕ ስፖርትስማርት ማርክ 3 ያለውን የመንገድ ስፖርት ጎማ ቢገዛ ተገቢውን አገኘ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሻጮች ከሚያወሩት ያነሰ ነው፤ አንዱ መሪውን ያፈጥናል፣ ሌላው ያረጋጋል። ክረምት ከበጋ የሚነዳ፣ ሻንጣ ጭኖ አገር የሚያቋርጥ ሰው ወደ ሚሽሊን ሮድ 6፣ ኮንቲኔንታል ሮድአታክ 4 ወይም ፒሬሊ ኤንጅል ጂቲ 2 መሄድ አለበት፤ በስፖርት ሞተር ልክ ይገኛሉ። ብዙ የስፖርት ሞተር ባለቤት በዚህ ያፍራል። ሞተሩ ተወዳዳሪ መስሎ ጎማው የመንገደኛ መሆኑ ክብር የሚነካ ይመስለዋል። በእኔ እምነት ቀዝቃዛ ርጥብ መንገድ ላይ ሞተሩን አስተካክሎ የሚያቆም ጎማ ከዚህ ሁሉ በላይ ክብር አለው።

በሜዳ የሚነዳው ሰው ተቃውሞ ግን እውነተኛ ነው፤ ሊታለፍ አይገባም። በዓመት ጥቂት ቀን ሜዳ ላይ የሚወጣ ሰው ስፖርት ቱሪንግ ጎማ ይዞ ቢሄድ ከጥቂት ዙር በኋላ ጎማው ከልኩ በላይ ይግላል፣ ይላላል፣ ከእጥፋት ሲወጣ የኋላው ይሸሻል። እዚያ ከውድድር የመጣው ጎማ ቦታው ነው፣ ማሞቂያም አለው። መልሱ ሁለቱን ሥራ በአንድ ጎማ ለመሥራት መሞከር ይቅር ማለት ነው። ሁለተኛ ጥንድ ቸርኬ ገዝቶ ለሜዳው ሱፐርኮርሳ ወይም መሰሉን፣ ለመንገዱ የመንገድ ጎማ ማዘጋጀት መጀመሪያ ውድ ነው። ነገር ግን የሜዳው ጎማ ወደ ሜዳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ መካከሉ አይበላም፣ የመንገዱም በሜዳ ሙቀት አይቃጠልም። ሁለተኛ ቸርኬ የማይገዛ ሰው የመንገድ ስፖርት ጎማ ይዞ ሜዳ ይውጣና ጎማው ሲግል ፍጥነቱን ይቀንስ። ሜዳ ላይ ፍጥነት መቀነስ ይቻላል፤ በቀዘቀዘ የውድድር ጎማ ጠዋት ከቤት የወጣ ሰው ግን ጎማው እስኪሞቅ መንገዱ አይጠብቀውም።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚያነብ ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ ስለ ብርድ ነው፣ እኛን አይመለከትም ሊል ይችላል። በበጋ የዱባይ አስፋልት ራሱ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፤ የውድድር ቅይጥ ከመነሻው ሞቋል። ክርክሩ እዚያም መልኩን ለውጦ ይቆማል። ከከተማው ወደ ራስ አል ኸይማው ጀበል ጀይስ መንገድ የሚሄድ ሰው እጥፋቶቹ ጋር ከመድረሱ በፊት ረጅም ቀጥ ያለ አውራ ጎዳና ይነዳል፤ ለስላሳው መካከል በጋለ አስፋልት ላይ ቶሎ ይበላል። እዚያ መጥፎው ሰዓት ሙቀቱ ነው። ስለዚህ ጠንካራ መካከል ያለው ጎማ ይመረጣል፣ የነፋሱም ግፊት በየጊዜው ይታያል። ሙቀትና ፀሐይ ጎማን ያስረጃሉና የተሠራበትን ቀን ማየት እዚያ ከሌላ ቦታ የበለጠ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ነገሩ ይገለበጣል። ከተማዋ ከባሕር በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላለች፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ የክረምቱ ዝናብም ከናፍጣና ከአቧራ ጋር ተደባልቆ አስፋልቱን ያሟልጨዋል። እዚያ ለስፖርት ሞተር ከሲሊካ የበለጸገ የመንገድ ጎማ ውጭ መምረጥ አይታሰብም። ከባሕር ጠረፍ ተሞልቶ የመጣ ጎማ በከፍታው ምክንያት በመለኪያው ላይ 0.25 ባር ያህል ከፍ ብሎ ይታያልና እዚያው ለክቶ ማስተካከል ይገባል።

ጎማው ከተመረጠ በኋላ ያለው ሥራ ትንሽ ይመስላል፤ ጥሩ ጎማ የሚበላሸው ግን እዚህ ላይ ነው። ጎሚስታው ከመግጠሙ በፊት ዶት ከሚለው ጽሑፍ ጋር የተቀመጡት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ይታዩ፤ 1525 ከሆነ ጎማው እ.ኤ.አ. በ2025 በ15ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ሚሽሊን አገልግሎት ላይ አምስት ዓመት የሞላው ጎማ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ አሥር ዓመት የሞላውም ምንም ያልተበላ ቢመስል እንዲጣል ይመክራል። ፊትና ኋላ ከአንድ ዓይነት ጥንድ ይሁኑ። ሠሪው ቅርጻቸውን አብሮ ስላሰበው ፊቱ ከአንድ፣ ኋላው ከሌላ ሲሆን አንዱ ወደ እጥፋት ሲፈጥን ሌላው ይዘገያል። የኋላው ብቻ ካለቀና የፊቱ ገና ጤነኛ ከሆነ ያንኑ ዓይነት ኋላ መግጠም በቂ ነው። በጎኑ ላይ ያለው ቀስት የሚዞርበትን አቅጣጫ ያሳያል፤ ቫልቩ ይለወጥ፣ እግሩም ባላንስ ይደረግ። ነፋሱ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ይለካ፤ በብዙ የስፖርት ሞተሮች መመሪያ ላይ ፊት 2.5፣ ኋላ 2.9 ባር የሚል ይገኛል። ሜዳ ላይ የሚነዱ ሰዎች ግፊቱን ሲቀንሱ አይቶ መንገድ ላይ መድገም ስሕተት ነው፤ እነሱ የሚያስተካክሉት ጎማው በሜዳ ሲግል ግፊቱ እንደሚወጣ አስልተው ነው። ግፊቱ በየ10 ዲግሪው 0.1 ባር ያህል ይጨምራል፤ መንገድ ላይ ግን ያን ያህል የማይግል ጎማ ግፊቱ ዝቅ እንዳለ ይቀራል፣ መሪውም ይከብዳል። አዲስ ጎማ ፊቱ የሚያብረቀርቅና የሚያሟልጭ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትሮች በእርጋታ ይነዱ። ጎማውን ለጉዞው ዋዜማ አስገጥሞ በአውራ ጎዳና ወደ ወደብ የሚሄድ ሰው 300 ኪሎ ሜትር ነድቼዋለሁና ተገርቷል ሊል ይችላል፤ የተገራው ግን መካከሉ ብቻ ነው፣ ጎኖቹ እንደ ወጡ ናቸው። ጎማው ከጉዞው ሳምንት አስቀድሞ ይገጠም፤ ጎኖቹም በቅርብ ባለ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ በየእጥፋቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ በማዘንበል ይገሩ።